ሞተሩ እስኪሟሽ

ልጄ ልታገባው ያሰበችው ኤሌክትሪሺያን አዲስ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰሞን፣ ሰውየው ጤነኛ አልመሰለኝም። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ መሪ ይዤ ሰው ስታዘብ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እሱ ግን ግራ አጋባኝ። ጭር ባለ መንገድ በሠላሳ ይሄዳል፣ ድንገት ሃምሳ ይገባል፣ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ወደ ሠላሳ ይወርዳል። ትኬት ቆራጬ ስም አወጣለት፤ «ቀስ በቀስ መጣልህ» እያለ ይስቅብኝ ጀመር።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ልጄን አለማፈናጠጡ ነው። ቀድሞ፣ ከምትሠራበት ፋርማሲ እስከ ቤት አብረው በእግር ነበር የሚመጡት። ሞተሩን ሲገዛ እሷን መሸኘቱን ጭራሽ ተወው። አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ላይ አገኘሁትና ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«ልጄን የማትጭናት ለምንድን ነው?»

«ገና አልተሟሸም አባባ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጭነት እንዳታበዛበት ተብያለሁ።»

«ልጄ ጭነት ናት?»

«ለእሱማ ሁላችንም ጭነት ነን» አለና ሞተሩን በዓይኑ አሳየኝ።

ሳልወድ በግዴ ሳቄ መጣ። እኔ የሚሟሽ ነገር ሸክላ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አዲስ ሞተር ውስጥ ፒስተኑም የሚመላለስበት ግድግዳም ገና ሻካራ እንደሆኑ፣ በአንድ ፍጥነት ብቻ ከተነዱ በደንብ እንደማይተሻሹ አስረዳኝ። ድርጅቱ ለእኔ የሰጠኝ መኪና ሁሉ ሌላ ሾፌር አሟሽቶት፣ አስረጅቶት፣ ሲሰለቸው የተወው ነው። አዲስ ሞተር ነክቼ አላውቅም ብዬ ግን ለአማች አልናገርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መብራት በያዘኝ ቁጥር የእሱ ሞተር ውስጥ ምን እየሆነ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

እሱ ከሥራ በኋላ ኪሎ ሜትር ለመሙላት ብቻውን ሲዞር፣ ልጄ የእኔን አውቶቡስ መያዝ ጀመረች። ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጥና ታወራኛለች። ያደገችው እኔ ሳትነቃ ወጥቼ ከተኛች በኋላ ስገባ ነው፤ ቢሆንም የማውቃት ይመስለኝ ነበር። ለካ ጣፋጭ አትወድም። ደሞዝ በተቀበልኩ ቁጥር የማመጣላትን ብስኩት ለጎረቤት ልጆች ስታድል ኖራለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይዘህ ስትገባ ደስ ይልህ ነበራ» አለች።

ፋርማሲው የሚመጣ አንድ ሽማግሌ አለ አለችኝ፤ መድኃኒቱ ውስጥ ያለውን ወረቀት ቆሞ አንብቦ ይጨርስና ፈርቶ ሳይገዛ ይሄዳል። ስስቅ አንድ ፌርማታ አለፍኩ፤ ተሳፋሪው ጮኸብኝ። ነገ ደግሞ ምን ትነግረኝ ይሆን እያልኩ ሦስት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላወቅሁም።

እሑድ ረፋዱ ላይ «ቀስ በቀስ» ግቢያችን ገባ። ቆጣሪው አምስት መቶ ሁለት ይላል። ዘይት ቀይሯል፣ ሞተሩን አጥቧል፣ ለልጄ የገዛውን ሄልሜት ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል።

«አባባ፣ እርስዎ የሞተር ሰው ነዎት። ሰምተው ደርሷል ካላሉኝ አልጭናትም» አለ።

አስነሳው። ጎንበስ ብዬ ሰማሁት። ነዳጅ ስሰጠው ሳያንገራግር ይነሳል፣ ስለቀው በእርጋታ ይወርዳል፣ ኮሽታ የለበትም። እንዲህ ያለ ጤነኛ ሞተር በእጄ ገብቶ አያውቅም። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ደርሷል» ልል አፌን ስከፍት፣ ከነገ ጀምሮ ከኋላዬ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ ታወሰኝ።

«ገና ነው» አልኩት። «ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ጨምርበት።»

አልተከራከረኝም። «እሺ አባባ» ብሎ የእሷን ሄልሜት ከኋላ አሰረና ብቻውን ሄደ። አፈርኩ። ደስም አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሰኞ ልጄ እንደ ወትሮዋ ተሳፈረች። ሦስት ፌርማታ አለፍን። በመስታወቱ እንኳ ላያት ፈራሁ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሦስት መቶ ብትለውም እኮ ያምንህ ነበር፣ አባዬ» አለችኝ።