የታጠበችው ሳንቲም

አራሚዋ ትሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ከተዘጋ ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ታርም ነበር። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የእህቷ ልጅ የሠርግ መጥሪያ እንኳ፣ ያውም ታትሞ ከተበተነ በኋላ፣ ከቀይ እስክሪብቶዋ አላመለጡም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ዓይን ጡረታ ወጣሁ ብሎ አያርፍም። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች፤ እውነቱን ለመናገር አንጀቷ አርሮ ነበር።

ስለዚህ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር አንድ ጠዋት በሯን አንኳኩተው የመቶ ሃያ ገጽ የቃላት መፍቻ ሲያስረክቧት፣ "እስኪ ልየው" ያለችው ለወጉ ያህል ነው እንጂ ልቧ ጮቤ ረግጧል።

መፍቻውም መፍቻ እንዳይመስላችሁ! ማኅበርተኞቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሳንቲም አካል ስም ሲያወጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሳንቲም ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፣ ጠርዝ አለው። ታዲያ ሁሉም የየድርሻውን እንደ ልቡ ጽፎት ኖሮ፣ "ማኅተም" የሚለው ቃል በአሥራ አንድ ገጽ ውስጥ በአራት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። ፊቱን የሚከበውን ከፍ ያለ መስመር አንዱ "ከንፈር" ሲለው ሌላው "ዳር" ይለዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ጠልቶ "አፍ" ብሎታል። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በማኅበሩ ክፍል ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰቡና እነሱ ይከራከራሉ፣ እሷ ትቆርጣለች።

"ከንፈር ነው" አለች አንድ ቀን። "አፍማ ካለው ይናገራል። ከንፈር ግን ዝም ብሎም ያምራል።"

ሁሉም ሳቁ፤ ተሸናፊው ደግሞ ከሁሉም በላይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ "እትዬ ነጥብ" ሆነ። እሷም ለሐሙስ የምትለብሰውን ቀሚስ ከረቡዕ መተኮስ ጀመረች። ደስ ብሏት ነበር፣ ሌላ ቃል የለውም።

መፍቻው ሊያልቅ ሲል አንድ ሐሙስ ሊቀ መንበሩ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለች ሳንቲም አወጡ። ጠቁራለች፤ የሻይ ማንኪያ ሆድ ታክላለች።

"ይቺን የሰጠችኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ። ማኅበሩም፣ መጽሐፉም፣ የኔም ዕብደት ከዚችው ነው የጀመረው። ሽፋኑ ላይ ትውጣልኝ። ዙሪያዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ እርስዎ አንብበው ከሥሯ ያስፍሩልን።"

"እህትዎ ምንኛ ደስ ይላቸው!"

"እሷማ 'እኔ የሰጠሁህ ይቺን አይደለም' ብላ ድርቅ ነው!" አሉ ሽማግሌው። "ባሳየኋት ቁጥር እንጣላለን። 'የኔን ጥለህ ሌላ አንስተህ ነው' ትለኛለች። ሰማንያ አራት ሞላት። ሳታምነኝ እንዳታልፍ ነው የምፈራው።" ሳንቲሟን በሁለት እጃቸው ሰጧት። "አደራ።"

በማግሥቱ ጠዋት አራሚዋ ማድ ቤቷ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ከሳንቲሟ ጽሑፍ ግማሹ ይነበባል፤ ግማሹን ጥቁረቱ ውጦታል። በአጉሊ መነጽር አየች፣ ወደ ብርሃን አዘነበለቻት፣ አልሆነም። መገመት ደግሞ አታውቅበትም። ዋናውን ሳያይ የሚያርም አራሚ በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት ከሚያዝ ሐኪም አይሻልም ብላ ስንቱን ጀማሪ አስለቅሳለች። ተነሣች፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሿን በጥርስ ሳሙና ለቀለቀችና ሳንቲሟን እንደ ማንኪያ ፈገፈገቻት። ጥቁሩ ውሃ ወረደ። ሳንቲሟ ቦግ አለች! ፊደሎቹ አንድም ሳይጎድሉ ወጡ። እየዘፈነች ጻፈቻቸው።

ቀና ስትል ዓይኗ አጠገቧ በተከፈተው የመፍቻው ገጽ ላይ አረፈ። ይህን ገጽ ሦስት ጊዜ አርማዋለች፤ "ዋጋዉ" የሚለውን "ዋጋው" ብላ አስተካክላለች፣ የጎደለ አራት ነጥብ ሞልታለች። አራሚ ግን ፊደል ያያል እንጂ ወሬ አይሰማም። እንደ ሰው ያነበበችው ገና አሁን ነው።

"ወዝ፦ ሳንቲም በዘመን ብዛት በላዩ የሚያወጣው ጥቁር ቆዳ። ዋጋው ያለው በወዙ ነው። አንዴ ከለቀቀ አይመለስም። ስለዚህ ሳንቲም ከቶ አይታጠብም።"

"ከቶ" የሚለውን የጨመረችው ራሷ ነበረች፤ ዓረፍተ ነገሩ ላልቶባት።

እንድትጠቁር ሻይ ውስጥ ብዘፈዝፋትስ ብላ አሰበች፤ ማንቆርቆሪያውንም እስከ ማንሣት ደርሳ ነበር። አፈረች። የሰው ስህተት ሲያጋልጥ የኖረ ሰው የራሱን ሊደብቅ? ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሳንቲሟንና መፍቻውን ይዛ ወጣች።

ሊቀ መንበሩ በሩን ከፈቱላት። እህታቸው ሳሎን መስኮቱ ዳር ሹራብ ይሠራሉ። አራሚዋ ሳንቲሟን የያዘ መዳፏን ዘረጋች። ሽማግሌው አዩና ያገኙት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"በምን?"

"በጥርስ ሳሙና።"

"በጥርስ ሳሙና..." መርዶ የተነገራቸው ይመስል ደገሙት።

"ስሜን ከመጽሐፉ ያውጡት" አለች፤ እንባዋ መጣ። "ሐሙስም አልመጣም። አደራ በላሁ።"

"ምንድን ነው እሱ የሚያበራው?" አሉ እህትየው ከመስኮቱ ዳር። "አምጪው እስኪ ልጄ።"

አራሚዋ ወስዳ ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ ሳንቲሟን ወደ መስኮቱ አነሡ፣ አገላበጡ፣ በአውራ ጣታቸው ከንፈሯን ዳሰሱ። ሹራቡ ከጭናቸው ወደቀ።

"አገኘሃት!" ብለው ጮኹ። "ይቺ ናት! የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት የምታብረቀርቀውን መርጬ የሰጠሁህ! ይዘሃት እንቅልፍ ወሰደህ እኮ፣ መዳፍህ ላይ አትማብህ አደረች። ስድሳ አራት ዓመት የት ደብቀሃት ነው ያቺን ከሰል ስታሳየኝ የኖርከው?"

"እታለም፣ ያችው ናት" አሉ ወንድምየው። "ታጥባ ነው።"

"ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳታጥባት? ድሮም አንተ ገላህንም የምትታጠበው በዱላ ነው!"

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ ሁለቱንም ባንድ ላይ አደረጉት። አራሚዋም አብራ። ሲበቃቸው በመሐረብ ፊታቸውን ጠረጉና ወደ እሷ ዞሩ።

"ሐሙስ ይቀሩና እንጣላለን፣ እትዬ ነጥብ። አሁን ያንን ገጽ ያውጡና 'ከቶ' የምትለዋን ይሰርዙልኝ።"

ቀይ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ መዘዘች። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት የሰረዘችው ቃል የለም።

ሳንቲሟን ለፎቶ መልሶ መውሰድ ግን አልተቻለም። እህትየው ጨብጠዋታል።

"ከነእጄ አንሡት" አሉ።

መጽሐፉ እንዲሁ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ የተሸበሸበ መዳፍ፣ መዳፉ ላይ የምታበራ ሳንቲም።