ተከትቤያለሁ እኮ

አይናር ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው፤ ሊስቤት ግን በስድስት ቁጥር ክፍል ደጃፍ ባለፈች ቁጥር ሳሉን ትሰማለች። ነፍሱ እንድትወጣ መስኮቱን የከፈተችው ራሷ ናት። በዚህ የአረጋውያን ቤት ሃያ ዓመት ስትሠራ ለስንቱ ሟች ከፍታ ዘግታለች፤ ይህኛውን መዝጋት ግን አቃታት። የጥር ብርድ ኮሪደሩን ይገርፈዋል።

አይናር የዴንማርክ ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣ በካርታ ሲሸነፍ የሚያኮርፍ፣ ሳል የሚፈራ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን ከሊስቤት ጋር እየተጫወቱ ድምፅዋ ጎርነን ሲልበት ካርታውን ደረቱ ላይ ለጠፈ።

«አንቺ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ተከትቤያለሁ እኮ። አንተም ተከትበሃል። ይልቅ ልትሸነፍ ስትል ሰበብ አትፈልግ!»

ሳቀ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ተጫወቱ። በሳምንቱ ሞተ።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ የሱም የሷም ያው ኢንፍሉዌንዛ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በእርጋታ አስረዳት፤ ክትባቱ በደንብ በሚሠራበት ዓመት እንኳ ሊታመም ከነበረው ሰው ግማሽ ያህሉን ቢያተርፍ ነው፤ ያረጀ ሰውነት ላይ ደግሞ ጉልበቱ ያንሳል። «ላንቺ ግን ሕመሙን ሳያቀልልሽ አልቀረም» አላት። አንጀቷን የቆረጠው ይኸው ነው። ስለቀለላት ሥራ ገባች፤ ትኩሳት ቢጥላት ኖሮ እቤቷ ትተኛ ነበር። ክትባትም አጥር ነው፤ አጥር ሁሉ በር እንዳለው ማን ይረሳል? እሷ ረሳችው።

በአራተኛው ቀን የአይናር ልጅ ቪቤከ ዕቃውን ልትሰበስብ መጣች። ሊስቤት ሹራቦቹን እያጣጠፈችላት ቆየችና ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«ቪቤከ፣ ከኔ ነው የያዘው። ጉሮሮዬን እየከረከረኝ ነበር የምመጣው። አሞሻል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ቀለድኩበት።»

ቪቤከ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ዕለት ደውሎልኝ ነበር» አለች። «‹ሊስቤት ድምፅዋ ልክ አይደለም፤ ነገ ካርታው ይቅርብን ልበላት?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹ተከትባለች እኮ፤ ደግሞ እንዳታስቀይማት› አልኩት።»

ሊስቤት የያዘችውን ሹራብ አጣጥፋ ቪቤከ አጠገብ አኖረችው።

«እሺ አለኝ» አለች ቪቤከ። «በዕድሜው አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም ነበር።»