ሙሕሲን ከፍቶት የሄደው

ኢንዴክሱ አሁንም አላለቀም። ውዳድ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች ናት። ጫቱ ከድሬዳዋ ገብቶ የወደብ ከተማው በሩን ዘግቷል፤ ምኒልክ አደባባይ ጭር ብሏል። ሐጂ ከማሉዲን ከቀትር እንቅልፋቸው ተነስተው የትራንዚት ቢሮውን እስኪከፍቱ ድረስ ብቻ ነው ጊዜ ያላት። ዳታቤዛቸው አንዲት ኮንቴይነር ሲፈለግበት የዓመታቱን መዝገብ ከላይ እስከ ታች ያስሳል፤ ኢንዴክስ፣ ማለትም ማውጫ፣ ቢኖረው በቀጥታ ያገኛት ነበር።

«ዛሬ ካልሠራ ኮምፒዩተሩን ሁሉ አስነቅለዋለሁ፤ ወላሂ!» ብለዋል ሐጂ።

ሰርቨሩ ሥራ አልበዛበትም፤ ዲስኩም ሰፊ ቦታ አለው። እንግዲያው ኢንዴክሱ አልዘገየም፤ እየጠበቀ ነው። ማንን? ከዳታቤዙ ጋር ክፍት የሆኑትን ግንኙነቶች አንድ በአንድ አየች። አንድ ሰው መዝገብ ሊያርም ከፍቶ ሳያስቀምጥ ትቶታል፤ እሱ እስኪጨርስ ኢንዴክሱ ተራ ይዞ ይቆማል። የሰውየውን ስም ስታነብ እጇ ከኪቦርዱ ላይ ወረደ።

ሙሕሲን። የሐጂ ልጅ፣ የእሷ እጮኛ። ባለፈው ሳምንት «መጣሁ» ብሏት ወጣ፤ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ወደ የመን መሻገሩን ከሰው ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። አባቱ በንዴት ስሙ በዚህ ቢሮ እንዳይነሳ ከልክለዋል። በኋላኛው ክፍል ያለውን ኮምፒዩተሩን ማንም እንዳያጠፋ ያስጠነቀቀችው ግን ራሷ ውዳድ ናት። ስክሪኑ የበራ ሰው የሄደ አይመስልም። ይኸው ጥፋተኛውን ስትፈልግ ዞራ ራሷ ላይ መጣች።

ካለችበት ሆና ግንኙነቱን ልታቋርጠው ትችላለች፤ ያኔ የጻፈው ሁሉ ይሰረዛል። አንጀቷ እምቢ አላት። ወደ ኋላ ክፍል ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ለአንድ የሐረር ነጋዴ የመጣ የጫማ ጭነት በግማሽ ተጽፏል። ለእሷ የተጻፈ ነገር የለም። ይኖራል ብላ ማሰቧ አሳፈራት፤ ናፍቆቱም ባሰባት። «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች።

ተመልሳ ስታይ ኢንዴክሱ አልቋል። ኮምፒዩተሩን በገዛ እጇ ልታጠፋ ወደ ወንበሩ ተመለሰች። ጣቷን ማጥፊያው ላይ እንዳሳረፈች የፊት በር ተከፈተ፤ ሐጂ ገብተው እሷ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጡና አንዲት ኮንቴይነር ፈለጉ፤ ወዲያው ተገኘች።

«ማሻአላህ! እንዲህ ነው እንጂ!»

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ገጹ መጨረሻ የተቀመጠውን መዝገብ ከነአስገቢው ስም ከላይ ያሳያል፦ ሙሕሲን ከማሉዲን፣ ዛሬ።

«ውዳድ!» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄ መጣ እንዴ?»

ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች። የሽማግሌው ነጠላ ጫማ ግን ወደ ኋላ ክፍል እየተጣደፈ ይመጣ ነበር።