ትከሻዋ ላይ ያረፈው እጅ

የሰበታዋ ያለምወርቅ ልጇን ሌንጮን ሱሉልታ የድንጋይ ካባ ውስጥ ናዳ ከቀማት ወዲህ፣ ከሏን፣ ጥቁር ናይለን ቀሚስ ከነሹራቡ፣ ለብሳው ትውላለች፣ ለብሳው ታድራለች። እንቅልፍ የነሳት አንድ ነገር ነው፤ ልጄ አፈር ውስጥ ብቻውን ነው የሚለው ሐሳብ።

አንድ ቀን ልትታጠብ ስትል መስታወት ውስጥ አየችው። ቀኝ ትከሻዋ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጥቷል፤ መዳፍ ከነጣቶቹ። ሌንጮ ከሥራ ሲገባ ከኋላዋ መጥቶ፣ አቧራ የጠጣ እጁን እዚያው ላይ ጣል አድርጎ፣ «ሃርሜ፣ እናት ዓለም፣ የሚቀመስ አለ?» ይል ነበር።

አልጮኸችም። ልብሷን መለሰችና፣ «መጣህ?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ሲከርና ትከሻዋን ሲበላት አታከውም፤ ጎንበስ ብላ ታዳምጠዋለች። ራትም ለሁለት ታቀርብ ጀመር።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጎረቤቷ ኤቢሴ ከሏን ልታስወልቃት መጣች። ኤቢሴ አፏ በርበሬ፣ ልቧ ቅቤ ነው። ቀሚሱን ከትከሻዋ ሳብ ስታደርግ፣

«ውይ አንቺ! ይሄ ቋቁቻ አይደለም እንዴ?»

«እጁን አትንኪብኝ!»

«የማንን እጅ?»

ነገረቻት። ኤቢሴ ቀሚሱን መልሳ ትከሻዋ ላይ ጎተተችላት። «ኮቱ፣ ነይ ተነሺ» ብላ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች።

የጤና መኮንኑ ሲላስ ከደቡብ የመጣ፣ አንደበቱ የለዘበ ልጅ ነው።

«ቋቁቻ ነው፣ እማማ። የእርሾ ዘመድ የሆነ፣ ዓይን የማያየው ነገር ነው የሚያወጣው። ከውጭ አልመጣብዎትም፤ ሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል። ላብና ሙቀት ሲመቸው ይበዛና ቆዳን ያነጣል። እኔም ላይ አለ፣ እሳቸውም ላይ አለ።»

«እኔን ተወኝ! ታጥቤ ነው የመጣሁት» አለች ኤቢሴ።

ያለምወርቅ ግን፣ «ልጄም ላይ ነበር?» አለች።

«እንዴታ። ሕፃን ገና እንደተወለደ ከእናቱ ገላ ነው የሚወስደው።»

«መድኃኒቱ ይነቅለዋል?»

«ያስታግሰዋል እንጂ ከሰው ቆዳ ጨርሶ አይለቅም። ነጩም ቶሎ አይጠፋም፣ ወራት ይቆያል።»

ያለምወርቅ መሬት መሬቱን አየች። «እንግዲያው ከእኔ የወሰደውን ይዞ ነው የወረደው» አለች። «ብቻውን አይደለማ።»

እቤት ሲገቡ ከሏን በገዛ እጇ አወለቀች። ኤቢሴ መድኃኒቱን ልትቀባት መዳፏን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው ሰብስባ አነሳችው። የነጩ ጣቶች ከእሷ ጣቶች ይረዝማሉ።

«ያለም... ይሄ የወንድ እጅ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ቀቢው» አለች ያለምወርቅ፣ ዓይኗን ጨፍና። «ቀስ ብለሽ ግን። ደክሞት ነው የሚገባው።»