የነካ ይጫወታል

ሀብተወልድ አንዱን ቆርኪ ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ፣ እጁ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠና ትንሿ ጣቱ ሌላውን ቆርኪ ነካችው።

በጎሚስታው በከሊፋ በር ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ በተጋደመው የዳማ ሰሌዳ ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ዝም አሉ። ድሮ ቢሆን ጩኸቱ ቡራዩ ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር። የነካ ይጫወታል፤ የዳማ ሕጉ ይኸው ነው።

"ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም" አለ ከሊፋ፣ ቆርኪውን በቀስታ ወደ ቦታው እየመለሰ። "አልነካህም። ተረጋግተህ ተጫወት፣ ሀብቴ።"

ሀብተወልድ ደሙ ፈላ።

ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ከመሪው ካወረደው ወዲህ የቀረው ደስታ ይኸው ዳማ ነበር። ቤት የዋለ ቀን እህል አይወርድለትም፤ ዳማ ተጫውቶ የገባ ቀን ግን ልጁን ሩታን በሳቅ ይገድላታል። ሐኪሙም ቢሆን፣ "መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ የሚወዱትንም ነገር አይተዉ" ብሎታል። ታዲያ መቼም ያለ ስድብ ዳማ ምን ዳማ ነው? ሕመሙ ከታወቀ ወዲህ የሚሰድበው ጠፋ። እንደ እንቁላል ያዙት። ቢያሸንፍም አልጣፍጥ አለው። ዛሬ ጠዋት ለሩታ፣ "ተሰናብቻቸው እመጣለሁ፤ ከእንግዲህ አልሄድም" ብሏት ነው የወጣው።

"ከሊፋ፣ ትናንት ሉቃስ ሲነካ ምን አልከው?"

"እሱማ ጤነኛ ነው፣ ምን ሆኖ ይነካል!"

"ምን አልከው?"

ከሊፋ አንገቱን አከከ። "'ይህን ጣትህን ለውሻ ብትሰጠው ይሻላል' አልኩት።"

"ሚስቴ ጆሮ ድረስ ደርሷል" አለ ሉቃስ ከጎን።

"እኔስ? ሞቻለሁ እንዴ የማልሰደበው?"

"ወላሂ ሀብቴ፣ ያመመውን ሰው እንዴት አድርጌ…"

"ያመመው እጄ ነው። እኔ አለሁ!"

ይህን ብሎ፣ ከሊፋ የመለሳትን ቆርኪ ራሱ ወደ ፊት ገፋት። ለከሊፋ መንገዱ ወለል ብሎ ተከፈተለት። ከሊፋ ሰሌዳውን አየ፤ ሀብተወልድን አየ።

"አሁንስ ይህን ካልበላሁ ሐራም ይሁንብኝ!" አለና ቆርኪዎቹን እየዘለለ በልቶ ነገሠ። ከዚያ ወዲያ አፉን የሚይዘው አልተገኘም። "አንተ ሽማግሌ! በዚህ አነዳድህ ገደል ሳትገባ መኖርህ! ለአንተ መንጃ ፈቃድ የሰጠ ሰው መታሰር አለበት!"

ሰዉ አውካካ። ሀብተወልድ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እጁም አብሮ ተንቀጠቀጠ፣ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ስልኩ ጮኸ። "አባዬ፣ ተሰናበትካቸው? መጥቼ ልውሰድህ?"

"እንዳትመጪ፣ ልጄ። ይህ ሰውዬ ሰድቦኛል" አላት፣ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ። "ነገም እመጣበታለሁ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ ሉቃስ ሊያግዘው የዘረጋውን እጅ ገፋ አድርጎ፣ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ መደርደር ጀመረ።