ያላለቀው ሙሾ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «መምህር፣ ምነው መጽሐፍ አይጽፉም?» ይለኛል። ማን ሊያነበው! ገብሴን ባርም ይሻለኛል።

ባለፈው ክረምት አልቃሿ እማማ ብርሃኔ መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። የአገሩን ሟች ሁሉ በግጥም ሲሸኙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዛሬ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ፈትለወርቅ እየመጣች አላስቀምጥ አለችኝ» አሉ። ፈትለወርቅ አምና ያረፈችው ሚስቴ ናት። በለቅሶዋ ቀን በረዶ ጥሎ ሰዉ ሲበተን ሙሾዋ በእንጥልጥል ቀርቶ ነበር። «ጀምሬ የተውኩት የእሷን ብቻ ነው። እኔ እንግዲህ ጉሮሮ የለኝም፤ እርስዎ ጽፈው ይጨርሱላት።»

«ሙት አይመጣም፣ እማማ! እርጅና ነው!» ብዬ ተቆጣሁ።

እሳቸው ሲሄዱ ግን ወረቀት አወጣሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደጻፍኩ ከጀርባዬ፣ መደቡ ላይ፣ ሰው ሲቀመጥ ተሰማኝ። የፀጉር ቅቤዋ ሽታ ቤቱን ሞላው። አልዞርኩም።

አሁን በየቀኑ እጽፋለሁ። እማማ ብርሃኔ ባገኙኝ ቁጥር «አላለቀም?» ይሉኛል። እኔም እበሳጫለሁ።

ካለቀማ ትሄዳለች።