ስድስት በቀኝ፣ ስድስት በግራ

ከተማዋ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለተቀመጠች፣ በበጋ ማለዳ ብርዱ ከየኮረብታው ወርዶ አደባባዩ ላይ ይተኛል። ይህን ከችግኝ ጣቢያው ኃላፊ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አደባባዩ ላይ ዘንባባ ሊተከል እንደታሰበ ስትሰማ፣ ማንንም ሳታማክር ሰባት ዓይነት የዘንባባ ችግኝ በግቢዋ ዝቅተኛ ጥግ፣ ብርድ ከሚያድርበት ግንብ ሥር ደረደረች። ላስቲክ አላለበሰቻቸውም፤ ጭድም አልጎዘጎዘችላቸውም።

«አንቺ፣ ጨካኝ ነሽ!» ይላታል ታላቅ ወንድሟ፣ የጣቢያው ሹፌር።

«የሚሞተው አሁን፣ እኔ ፊት ይሙት» ትለዋለች።

ሦስት በጋ አለፈ። ከሰባቱ ዓይነት አንዱ ብቻ ቀረ፤ አጭር፣ ግንዱ ጸጉራም፣ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ። ሠራተኞቹ «መጥረጊያው» አሉት። እሷ ግን እሱኑ አባዛች።

የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ አይቶ ሳቀ። እሱ ልቡ የሸፈተው ፎቶግራፍ ላይ ባየው የባሕር ዳር ዘንባባ ነው፤ ረጅም፣ ወገበ ቀጭን።

«እትዬ፣ አደባባይ ነው የምናስውበው፤ ቤት አይደለም የምንጠርገው።»

«ያንተ ቆንጆ የሞቃት አገር ልጅ ናት። አንድ ውርጭ አትችልም።»

ከንቲባው ሁለቱንም ላለማስቀየም በቀኝ ስድስት የእሱን፣ በግራ ስድስት የእሷን አስተከለ።

በሁለተኛው ዓመት ታይቶ የማይታወቅ ውርጭ ወረደ። የቧንቧ ውሃ በረዶ ሆነ። በሳምንቱ የአሥራ ሁለቱም ዘንባባዎች ቅጠል ደርቆ ተንጠለጠለ። እሷ በየቀኑ በአጠገባቸው ታልፋለች እንጂ አልነካቻቸውም። ፈርታለች። በግቢዋ ስትፈትናቸው የነበረው ውርጭ ይህን ያህል አልከፋም ነበር።

ከንቲባው ቆፋሪዎች አስከትሎ መጣ።

«ሁሉም ይነቀል። አደባባዩ ሲሚንቶ ይልበስ። ችግኝ ጣቢያውም ይዘጋ፤ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይበጃል።»

«ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች።

«ምን ልታገሥ? ቅጠሉን አታይም እንዴ?»

«ቅጠል ያታልላል። መሃል ላይ እንደ ጦር የቆመው፣ ገና ያልተፈታው ቅጠል ነው የዘንባባ ልቡ። ዘንባባው ከሞተ ሲስቡት ተነቅሎ ይወጣል። ይሳብ፤ የእኔው ከወጣ ራሴ እቆፍረዋለሁ።»

እጆቿን ኪሷ ከተተች።

መሐንዲሱ በቀኝ በኩል መሰላል አስደግፎ ወጣ። የዘንባባውን ልብ በሁለት ጣቱ ይዞ ቢስበው ሙልጭ ብሎ ወጣ፤ ሥሩ ጠቁሮ፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። የቀሩት አምስቱም እንደዚያው ሆኑ። ወርዶ ወደ ግራ ተሻገረ።

ለመጥረጊያው መሰላል አላስፈለገም። በአንድ እጁ ሳበ፤ ንቅንቅ የለም። በሁለት እጁ ሳበ። እግሩን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ሳበ።

«ጌታው፣ ገመድ ላቀብልዎት?» አለ ሹፌሩ ወንድሟ። «መኪናዬም ቅርብ ናት!»

ቆፋሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። መሐንዲሱ እጁ ተንሸራቶ በቂጡ ዘፍ አለ። የዘንባባው ልብ ከቦታው ፍንክች አላለም።

እሷ ሁለተኛውን ሳበች። ሦስተኛውን። እስከ ስድስተኛው ሳትቆም ሄደች፤ ሁሉም ጸንተዋል። የመጨረሻውን ከሥሩ በጥፍሯ ጫር አደረገችው፤ አረንጓዴ ነው፣ እርጥብ። ጣቷን ለከንቲባው አሳየችው።

ከንቲባው ጣቷንም ዘንባባውንም ደጋግሞ አየ።

«ከዚህ ዓይነት ስንት አለሽ?»

«ሁለት መቶ አርባ።»

«የሆስፒታሉን መንገድም ይሸፍናል?»

«ይሸፍናል።»

«በይ እንግዲህ አምጪያቸው! ጣቢያው ይሰፋል እንጂ አይዘጋም።»

መሐንዲሱ ሱሪውን አራግፎ ተነሣ። ከአንዱ ቆፋሪ ዶማ ተቀበለና ወደ ራሱ ዘንባባዎች ሄደ።

«ጉድጓዱን ምን ያህል ላድርገው፣ እትዬ?»

«ሰፋ አድርገው። ውሃ እንዳያቁር ከታች ጠጠር ጨምርበት።»

መኪናው ላይ ወጥታ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች። እሱ ሽቅብ እስከ ጣቢያው በር ድረስ ጡሩምባውን እየነፋ፣ መንገደኛውን ሁሉ እያስደነገጠ ነዳ። ተው አላለችውም።